ጠበሉም ኬሞውም ይሁን፤ ዝምታው ይቅር

በእኛ ሰፈር «እከሌ ካንሰር ይዞታል» ከተባለ መጀመሪያ በር የሚያንኳኳው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ታመጣለች። ሌላው የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ ብቅ ይላል። ሦስተኛዋ ምንም ባትይዝ እንኳ ታሪክ ይዛ ትመጣለች፦ «የእህቴ ባልደረባ ሐኪም ቤት ተስፋ ቆርጦባት፣ ይሄን ጠጥታ ይኸው ዛሬ ሰው ሆናለች።» ይሄን ታሪክ ሳይሰማ የታከመ የአዲስ አበባ የካንሰር ሕመምተኛ ካለ እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ።

አክስቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት በታወቀ በሁለተኛው ሳምንት (እኛ ቤት «እትዬ» ነው የምትባለው፣ እዚህም እትዬ ልበላት) የመኝታ ቤቷ ኮመዲኖ ትንሽዬ መርካቶ ሆኖ ነበር። ልቁጠርላችሁ። ጥቁር አዝሙድ በማር። የሽፈራው ዱቄት። የተቀቀለ ዳማከሴ በፔርሙዝ። የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ የላከችው የእርድ እንክብል። በቴሌግራም የታዘዘ የግራቪዮላ ቅጠል። «ቫይታሚን ቢ17» የሚል የተለጠፈበት የአፕሪኮት ፍሬ። ግቢያችን ውስጥ ያሉት ሐጂ ከመካ ያመጡት ዘምዘም። አልጋው ሥር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ጠበል፤ ለመንገድ የሚሆን ደግሞ በሃይላንድ የተቀዳ ሌላ።

የኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ የሆስፒታል ካርዷና የኬሞ ቀጠሮዋ አለ። ላይኛው ዕቃና መሳቢያው ውስጥ ያለው ወረቀት በአንድ ጣውላ ይለያያሉ፤ ግን አይተዋወቁም። ሐኪሙ ስለ ኮመዲኖው አያውቅም። ኮመዲኖውን የሞሉት ሰዎችም ስለ ወረቀቱ አያውቁም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለዚህ አለመተዋወቅ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ፦ «በተጨማሪ» እና «በምትክ»።

ከሐኪሙ ሕክምና ጎን ለጎን ሌላ ነገር መሞከር የእኛ አገር ሰው ብቻ ጠባይ አይደለም። ፈረንጁም ያደርገዋል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጥናቶች አሳትመዋል። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ጨረሩንም ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የታከሙ 281 የካንሰር ሕሙማንን ተመለከተ። በተለመደው ሕክምና ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆነ። የጡት ካንሰሩ ለብቻው ሲታይ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ። ይሄ «በምትክ» ነው። ብዙም አይገርምም።

የሚገርመው ሁለተኛው ነው። እነዚህኞቹ 258 ሕሙማን ሐኪም ቤቱን አልተዉም፤ ሐኪሙ ካዘዘው ቢያንስ አንዱን ወስደዋል፣ በጎን ደግሞ ሌላ ነገር ሞክረዋል። ምንም ካልጨመሩ 1,032 ሕሙማን ጋር ሲተያዩ የእነሱም የመሞት ዕድል በእጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። «ታዲያ ቅጠሉ መርዝ ነበር?» ትሉ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም ይሄንኑ ጠየቁ። መልሱ ሌላ ቦታ ተገኘ። ሌላ ነገር ከጨመሩት መካከል ከመቶው 34ቱ ኬሞ አንወስድም ብለዋል፤ ካልጨመሩት ግን ከመቶ 3 ብቻ። ጨረርን እምቢ ያሉት ከመቶ 53 ነበሩ፤ በዚያኛው ወገን ከመቶ 2። ይሄ እምቢታ ስሌቱ ውስጥ ሲገባ በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ።

ይሄን ስታነቡ እንደኔ ቆም በሉ። የጎዳቸው የጨመሩት ሳይሆን የቀነሱት ነው። ሰዎቹ «በተጨማሪ» ብለው ጀመሩ፤ ሳይታወቃቸው «በምትክ» ውስጥ ገቡ። ዛሬ አንድ ቀጠሮ፣ ነገ አንድ ዙር፣ ከነገ ወዲያ ጨረሩ በሙሉ።

«ይሄ ያልተማረ ሰው ነገር ነው» የሚል አራዳ ካለ ደግሞ ስቲቭ ጆብስን አስታውሰዋለሁ። የአፕሉን። እ.ኤ.አ. በ2003 ቆሽቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ከሚችለው፣ ቀስ ብሎ ከሚያድገው ዓይነት። ቤተሰብም ወዳጅም እየለመነው ዘጠኝ ወር ያህል በአትክልትና በፍራፍሬ ጭማቂ፣ በአኩፓንክቸርና በዕፅዋት ቆየ። የተቀደደው በ2004 ነው። በ2011 በ56 ዓመቱ አረፈ። ቀድሞ ቢቀደድ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብሎ የሚምል የለም። ገንዘብም ትምህርትም ግን ከቢላዋ ፍርሃት እንደማያድኑ ማሳያ ነው። ፍርሃት ዲግሪ አይቆጥርም።

ወደ እትዬ ልመለስ። የእትዬ ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም። የደከመው ሰው ነበር። በር ላይ ከሃምሳ የማያንስ ሰው ተኮልኩሎ፣ አንዱን ሕመምተኛ ለማየት ያለው ጊዜ ቡና አንዴ ፉት ለማለት አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን ቀና ሳይል «የቅጠል ምናምን እንዳትወስጂ» አላት። ምን እንደምትወስድ አልጠየቃትም። ከለከለ፣ ጻፈ፣ «ቀጣይ!» አለ።

እትዬም «እሺ» አለች። የእኛን አገር «እሺ» ታውቁታላችሁ። ሰምቻለሁ ማለት ነው እንጂ አደርገዋለሁ ማለት አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃይላንዷን ወደ ሆስፒታሉ ስትሄድ በነጠላዋ ጠቅልላ በቦርሳዋ ታች ትቀብረው ጀመር። ሳይጠይቁ መከልከል ሰውን አያስቆመውም፤ መደበቅን ያስተምረዋል።

እሷን ደግሞ አትፍረዱባት። አገራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጋምቤላም ይሁን ከመተማ የመጣው ሁሉ እዚያው ነው የሚሰለፈው፤ ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ውጭም ማዕከሎች ተከፍተዋል፤ ይሁንና በወረፋ ያደገ ሕዝብ ወረፋን በቀላሉ አይረሳም። ጠበል ቦታ ወረፋው ሌሊት ተጀምሮ ጠዋት ያልቃል። ማንም «ካርድሽ የታለ?» አይልም። እትዬ አንድ ቀን ያለችኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ እዚያ ስሄድ ሰው ነኝ። እዚህ ቁጥር ነኝ።» ለዚህ መልስ የሚሆን ኪኒን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ሁለተኛውን ዙር ኬሞ ከወሰደች በኋላ ነገሩ ከረረ። በየ21 ቀኑ ነበር የምትወስደው። «ቀዩ መድኃኒት» የሚባለውን ታውቁ ይሆናል፤ በግሉኮስ መስመር ሲገባ የቀይ ወይን ጠጅ መልክ አለው፣ ሽንትንም ያቀላል። ፀጉሯ ረገፈ። ምግብ ጠላች። አብራት ጠበል የምትሄድ ጓደኛዋ መጥታ «የአሥራ አራት ቀን ሱባኤ እንያዝ፣ ይሄን መርዝ ተዪው። በሁለት ልብ ሆነሽ እንዴት ትድኛለሽ?» አለቻት። ቀኑን ስንቆጥረው ሱባኤው ሦስተኛውን ዙር ይውጠዋል። እትዬ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች።

ሻንጣው ግን ከቤት አልወጣም። ኬሞውን ከወሰደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ አላት፤ ቴርሞሜትሩ 38.6 አሳየ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው 38 ዲግሪ ማለት «እስኪነጋ እንይ» የሚባል ነገር አይደለም። ኬሞ በፍጥነት የሚራባውን ሴል ሁሉ ነው የሚመታው፤ የካንሰሩን ብቻ ሳይሆን የፀጉሩን፣ የሆድ ዕቃውን፣ ጀርም የሚዋጋውን ነጭ የደም ሴልም። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ነጭ ሴሉ በጣም ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ሌላ ጊዜ ጉንፋን የማታህል ጀርም ሰው ትገድላለች። ሌሊቱን ይዘናት ወጣን። አምስት ቀን ተኝታ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ወሰደች።

ያ ሌሊት ያመጣብንን ፍርሃት እንኳን ልተርከው አላስበውም። ግን አንድ ነገር አመጣ። አንዲት ነርስ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች (ተቀመጠች! ይሄን አስምሩበት) እና እንዲህ አለቻት፦

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ ምን ምን ይጠጣሉ? ልጽፈው ነው እንጂ ልቆጣዎት አይደለም።»

እትዬ አየችኝ። ከዚያ ከጥቁር አዝሙዱ ጀምራ አንድ በአንድ ዘረገፈችው። ነርሷ አንዴም ቅንድቧን አላነሳችም። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ሞላ። በሽታው ከታወቀ ጀምሮ ኮመዲኖውና መሳቢያው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋወቁ።

በነጋታው ሌላ ሐኪም ወረቀቱን ይዞ መጣና ዝርዝሩን ከፋፈለው። ዘዴው ስለጠቀመን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛው ምድብ «ዛሬውኑ ይቁም» ነው። የአፕሪኮቱ ፍሬ እዚህ ገባ። «ቫይታሚን ቢ17» የሚሉት ነገር ቫይታሚን አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ከዚሁ ዘር የተሠራው መድኃኒት በ178 የካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ጥቅም አልተገኘበትም፤ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ግን ሲያናይዱ ወደ አደገኛ መጠን ተጠግቶ ነበር። ይሄው ነገር ዛሬም ስሙን አሳምሮ በኢንተርኔት ይሸጣል።

ሁለተኛው «ኬሞው እስኪያልቅ ይቆይ» ነው። የእርዱ እንክብል፣ ግራቪዮላው፣ በማንኪያ የሚዋጠው ጥቁር አዝሙድ። ምክንያቱ ንቀት አልነበረም። አብዛኛው መድኃኒት የሚፈጨው በጉበት ነው። አንዳንድ ዕፅ ጉበቱን ያፈጥነዋል፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይሠራ ይወጣል። አንዳንዱ ያዘገየዋል፣ መድኃኒቱ ተጠራቅሞ ይመርዛል። ፈረንጆች ለድብርት የሚጠጡት ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ዕፅ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችን በደም ውስጥ እንደሚቀንስ በሰው ላይ ተረጋግጧል። «የእነዚህን ከአንቺ መድኃኒት ጋር ያለ ነገር በደንብ የመረመረው የለም፤ ባልተመረመረ ነገር አንወራረድ» አላት ሐኪሙ። «ላብራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል ገድሏል» ለሚለው የቴሌግራም ጽሑፍም መልስ ነበረው፦ በረኪናም ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ይገድላል፤ በረኪና ግን አይጠጣም።

ሦስተኛው «በምግብ ልክ ይቀጥል» ነው። ድንብላሉም እርዱም ወጥ ውስጥ ምንም አይል። ዝንጅብል በሻይ ለማቅለሽለሹ ደግ ነው፤ ያግዛል የሚሉም ልዩነት የለውም የሚሉም ጥናቶች አሉ፣ እሷን ግን ተስማማት። ሽፈራውም እንደ ጎመን ከተቀቀለ ምግብ ነው።

አራተኛው ምድብ «እሰየው» ይባላል። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ መራመድ፣ ሰው ጋ መጫወት። ይሄን ሐኪሙ ለማስደሰት ያለው እንዳይመስላችሁ። ኒውዮርክ የሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የተባለው ትልቅ የካንሰር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዚሁ ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቷል፤ ማሳጅ፣ ሙዚቃ፣ ዮጋ፣ አኩፓንክቸር ይሰጣል። ዕጢውን ለማጥፋት አይደለም። ጭንቀቱን፣ ሕመሙን፣ ማቅለሽለሹን ለማቅለል ነው፤ ሰውየው ኬሞውን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የካንሰር ሐኪሙ እያወቀ ነው።

ጠበሉስ? እዚህ ላይ ሐኪሙ ዝም አለ። ከምንጭ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ፣ የማንም ምንጭ ይሁን፣ ነጭ ሴል ለሌለው ሰው ያሰጋል። ትኩሳቱን ያመጣው ጠበሉ ነው ያለ የለም፤ ኬሞው ብቻውን ይበቃል። ግን ይሄን ለእትዬ ለመንገር ነጭ ጋዋን አይበቃም። ስለዚህ የንስሐ አባቷን ጠራን።

አባ መጥተው ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ «ልጄ፣ የታመመ ጦም አይገደድም። ጠበሉንም ደምሽ እስኪመለስ ተረጪው እንጂ አትጠጪው፤ በመረጨትም በረከት አለ» አሏት። ሱባኤውም ከዙሩ ሦስተኛ ሳምንት ላይ፣ ሰባት ቀን ብቻ፣ ቤቷ ሆና እንዲሆን ቀጠሩላት። ስለ «ሁለት ልብ»ም ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ስለ ኤች አይ ቪ ዘመን አነሱላት።

ለወጣቶቹ ላስታውሳችሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ጠበል ቦታ ሄዶ መድኃኒቱን ይጥል ነበር፤ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት ይመስለው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። አባ ይሄን ሲነግሯት የእትዬ ፊት ሲፈታ አየሁት። «ምረጪ» ያላት ሰው ብዙ ነበር። «አትምረጪ፣ ግን አትደብቂ» ያላት ሰው ነው የጠፋው።

ሦስተኛውን ዙር በቀኑ ወሰደች። አራተኛውንም። ከዚያ የመድኃኒቱ ዓይነት ተቀየረና ፓክሊታክሴል የሚባለው መጣ። «ደግሞ የፈረንጅ መርዝ» ስትል አንድ ነገር ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። ፓክሊታክሴል መጀመሪያ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ ከሚበቅል የዛፍ ልጣጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ለሕክምና የተፈቀደ። ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ማዳጋስካር ውስጥ ከሚበቅል አበባ የመጣ ነው። ያ «ቀዩ መድኃኒት» ራሱ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው የተገኘው። እና «ተፈጥሮ» እና «ሐኪም ቤት» እኛ እንደምናጣላቸው የተጣሉ አይደሉም። ልዩነቱ የሐኪም ቤቱ ቅጠል መጠኑ ተለክቷል፣ ጉዳቱም ተጽፏል። እትዬ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ልጣጭ ነው ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ ወገን፣ ሦስት ነገር ልጠይቅና ላብቃ።

ጠያቂ ሆናችሁ ለምትሄዱ፦ ማሩንም ቅጠሉንም ውሰዱ፣ ፍቅር ነውና። ግን «ይሄን ጠጥታ ዳነች» ከማለታችሁ በፊት «ኬሞሽ መቼ ነው? ማን ይሸኝሻል?» በሉ። ከዱቄቱ ይልቅ የላዳ ሒሳቡ የሚያድንበት ጊዜ አለ።

ለምትታመሙ ወይም ለምታስታምሙ፦ የምትወስዱትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ሐኪሙ ባይጠይቅም ጠረጴዛው ላይ አኑሩት። ቀጠሮ የሚያስቀር ማንኛውም ነገር፣ የቱንም ያህል የተባረከ ቢመስል፣ «በምትክ» ሆኗልና ተጠንቀቁ።

ለሐኪሞቻችን፦ ጊዜ እንደሌላችሁ እናውቃለን። ግን «እንዳትወስጂ» እና «ምን ትወስጃለሽ?» የሚፈጁት ሰከንድ እኩል ነው። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፣ ሁለተኛው ይከፍታል።

እትዬ ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሳለች። ድናለች ብዬ አልፎክርም፤ ሐኪሞቿም እንዲህ ያለ ቃል በቀላሉ አይወጣቸውም። በየስድስት ወሩ ትታያለች። ለዓመታት የሚዋጥ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን አላት። ነጭ ሴሏ ከተመለሰ ቆይቷልና ኪኒኑን በየማለዳው የምትውጠው በጠበል ነው።

ሐኪሟም ያውቃል።